ደበሎና ለምድ፤ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ስለ መለየት

የበግ ለምድ ለብሶ ስለሚመጣው ተኩላ በወንጌል የተነገረውን ያልሰማ ሰው ከመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ሰባክያን ስለ ተኩላው ብዙ አስተምረውናል። ስለ ለምዱ የጠየቀ ግን ያለ አይመስለኝም። ለምዱ ከየትኛው በግ የተገፈፈ ነበር? ማን አለፋው? ማንስ ሰፋው? እኔ ተኩላውን ለሰባክያን ትቼ በዚህ ጽሑፍ ስለ ለምዱ ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዛሬው ጊዜ በግ መስሎ ከሚመጣው ተኩላ ይልቅ ጥንታዊ መስሎ የሚመጣው ለምድ ሳይበዛ አይቀርምና።

የዓባይን ፏፏቴና የጣናን ገዳማት ለማየት ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ሲመለስ አንዳች መታሰቢያ ይዞ መሄድ ይወዳል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ገዝቶ ቢሄድ ማንም አልተታለለም፤ ይህች አንድ ክንድ የማትሞላ ታንኳ ሰውና እንጨት ጭና ከዘጌ ባሕር ዳር ተመላልሳለች ብሎ የሚምል ሻጭ የለም። በቆዳ ልብስ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቅርቡ የተሰፋ ደበሎ «የአያት ቅድመ አያት ነው» ይባልለታል፤ ለቴአትር የተሠራ ለምድ «ዐድዋ የዘመተ» ይሆናል። ከዚህም የባሰ አለ። እውነተኛውን አሮጌ ለምድ ከባላገር ቤት የሚገዛ ሰው ለባለቤቱ «አባባ፣ ይህ ብል የበላው ቁራጭ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ በጥቂት ገንዘብ ይወስድና፣ ከተማ ሲደርስ ያንኑ ቁራጭ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ዕቃ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ጊዜ ይዋሻል፤ ሲገዛ እንደማይረባ፣ ሲሸጥ ደግሞ ከሆነው በላይ እንደ ከበረ ይነገርለታል። እንግዲህ የመለየት ዕውቀት የሚያስፈልገው ለእንግዳው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለሽማግሌው ነው።

አስቀድሞ የስሞቹን ልዩነት ማወቅ ይገባል። ደበሎ ማለት ጠጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ ሆኖ በትከሻ ላይ የሚጣል ልብስ ነው። የደጋ እረኛ፣ መናኝና የቆሎ ተማሪ ይለብሱታል። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትር ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር በጀርባው ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ቀን ልብስ፣ ሌሊት ምንጣፍና ብርድ ልብስ ይሆነዋል። እንግዲህ ደበሎ የሥራ ልብስ እንጂ የጌጥ ልብስ አይደለም፤ ይህንንም ማስታወስ ለኋላው ምርመራችን ይጠቅመናል።

ለምድ ግን የማዕረግና የጀግንነት ልብስ ነው። ከአንበሳ፣ ከነብር፣ ጠጉሩ ረጅም ከሆነ በግ ቆዳ፣ እንዲሁም በፈትል ካጌጠ ከፋይ ይሠራ ነበር። ከላይ ትከሻን ይሸፍንና ከታች እንደ ምላስ እየተከፈለ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው እነዚህን ምላሶች ልብስ ሰፊው እንዲያው ለውበት የጨመራቸው ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የአውሬውን እግሮችና ጅራት የሚያስታውሱ ናቸው። መጀመሪያ የነበረው ሙሉ ቆዳው ነው፤ ከፋዩ በኋላ መጥቶ የቆዳውን ቅርጽ ቀዳ። ስለዚህ አያቶቻችን ያከበሩት የከፋይ ለምድ ራሱ የሌላ ነገር ቅጅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ቅጅና ሐሰት አንድ እንዳይደሉ ለማሳየት ነው። ቅጅ «እኔ የዚያ ምሳሌ ነኝ» ይላል። ሐሰተኛው ግን «እኔ ያው ራሱ ነኝ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመርፌው ሥራ ላይ አይደለም፤ በሻጩ አፍ ላይ ነው። አንድ ጥሩ ቆዳ አልፊ ዘንድሮ የሠራው ደበሎ እጅግ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የሚበላሸው «የጥንት ነው» የተባለ ዕለት ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከእኛ ደበሎ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ያለውን ልብስ ለአብነት ልጥቀስ። ይኸውም የአይሮፕላን ነጂዎች የበግ ቆዳ ጃኬት ነው። በቀድሞው ጊዜ የአይሮፕላን ነጂ መቀመጫ ክዳን አልነበረውም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው፣ እንዲህ ክፍት የሆነ ነበር። አየሩ ደግሞ ወደ ላይ አንድ ሺሕ ሜትር በወጣን ቁጥር በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። በባሕር ዳር ምድር ላይ ላብ የሚያስወጣ ሙቀት ቢኖር እንኳ ከከተማችን በላይ አምስት ሺሕ ሜትር የወጣ ሰው ውርጭ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሌስሊ ኧርቪን የተባለው አሜሪካዊ፣ በእንግሊዝ አገር ሌችወርዝ በተባለች ከተማ የፓራሹት ፋብሪካ የነበረው ሰው፣ ጠጉሩ ወደ ውስጥ የተመለሰ የበግ ቆዳ ጃኬት ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኀይል ሰዎች ይህንኑ ለበሱ። አሜሪካኖችም ቢ-3 የሚባል የራሳቸው ነበራቸው።

ዛሬ በእነዚያ አገሮች የእነዚህን ጃኬቶች ቅጅ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ገዢዎቻቸውም በምርመራ የተካኑ ናቸው። የአንገቱን ስፋት፣ የመዝጊያውን ብረት፣ የቆዳውን ቀለምና የቁርጥራጩን ብዛት ይቆጥራሉ። ለምሳሌ በጦርነቱ ጊዜ ቆዳ እያነሰ ሲሄድ ኧርቪን ጃኬት ከትናንሽ ቁርጥራጮች መሰፋት ጀመረ፤ ስለዚህ የስፌቱ ብዛት ስለ ዘመኑ ይናገራል። በትልልቅ ወጥ ቆዳ የተሠራ ጃኬት ይዞ «የጦርነቱ መጨረሻ ዓመት ሥራ ነው» የሚል ሰው ጥያቄ ይቀርብበታል። ታማኝ የሆነው ሠሪ ደግሞ በአንገቱ ውስጥ የራሱን ስም ይሰፋል። እኔን ያስቀናኝ ይህ ነው። በእኛ አገር ደበሎ ላይ የሠሪው ስም አይገኝም፤ ስም የሌለው ሥራ ደግሞ ማንም እንደ ፈለገ ታሪክ ይለጥፍበታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ ደበሎ ከፊታችን ቢቀርብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ በጉ ነው። የባሕር ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን አየሩ ሞቃት ነው፤ የጣና ዳር ሰው ደበሎ የሚያስለብሰው ብርድ የለበትም። ደበሎ የደጋ ልጅ ነው። አገሩ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑት ጉና፣ ጮቄና ስሜን፣ እንዲሁም መንዝ ነው። በጎቹም እንደ አገሩ ይለያያሉ። በጎጃምና በአገው ምድር የሚረባው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ፣ መልኩም በአብዛኛው ቡናማ ነው። (ዋሸራ የቅኔ ተማሪው ደበሎ ለብሶ የሚሄድበት ደብር ስም ሲሆን የበጉም ስም መሆኑ ያስደስተኛል፤ ከዚህ በግ ግን ጥሩ ደበሎ አይወጣም።) የመንዝ በግ ግን ሻካራ ሱፍ ያበቅላል፤ በርኖስና ባና የሚሠራውም ከዚሁ ሱፍ ነው። እንግዲህ ሻጩ ባለ ረጅም ጠጉር ደበሎ ዘርግቶ «እዚሁ ዳንግላ የታረደ በግ ነው» ቢል መጠራጠር ይገባል።

ሌላም አለ። በቤት ዕቃ መደብር ለወንበርና ለወለል የሚሸጥ፣ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ፣ ርዝመቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የበግ ቆዳ አለ። ያ ከውጭ አገር በግ የመጣ ነው። የእኛ ደጋ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ ጠጉር ከአጭር ሱፍ ጋር ተደባልቆበት ይገኛል፤ መልኩም ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ዝንጉርጉር ይሆናል። የውጭውን ቆዳ ቆርጦ፣ በጭስ አጥቁሮ «ደበሎ» ማለት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ጠጉሩን በጣት ለይቶ ለተመለከተ ሰው ግን ወዲያው ይታወቃል።

ከበግ ያልመጣውን ለመለየት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። ጠጉሩን ከፍለን ሥሩን እንመልከት። የእውነተኛው ቆዳ ጠጉር እያንዳንዱ ከቆዳው ውስጥ በቅሎ ይታያል። የፋብሪካው ሰው ሠራሽ ጠጉር ግን በተሸመነ ጨርቅ ላይ በተራ በተራ ተተክሎ ይገኛል። ጥርጣሬ ቢቀር፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ አንድ ጠጉር ነቅሎ በክብሪት ማቃጠል ነው። የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ የሰው ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ያለ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል።

ወደ ጀርባው፣ ማለት ወደ ሥጋው ወገን፣ ስንገለብጠው ደግሞ ብዙ እናገኛለን። የቆዳ ውፍረት በሁሉ ቦታ እኩል አይደለም፤ በአንገትና በአከርካሪ ላይ ወፈር፣ በሆድ በኩል ሳሳ ይላል። ጠጉሩም ከአንገት ወደ ጅራት ያዘነብላል። በዚህ መሠረት አንድ ወጥ ቆዳ መሆኑን ወይም ከልዩ ልዩ በግ መቀጣጠሉን በእጅ ዳሰሳ ብቻ ማወቅ ይቻላል። መቀጣጠሉ ግን የሐሰት ምልክት አይደለም። ድኻ ተማሪ ያገኘውን ቁራጭ ሁሉ ስለሚጥፍ ይልቁንስ አራት ዓይነት ጥፍ ያለበት ደበሎ ይበልጥ ይታመናል።

አለፋፉ ግን የበለጠ ይናገራል። በባላገር ዘዴ ቆዳው ተወጥሮ ይደርቅና የሥጋው ወገን ይፋቃል፤ ከዚያም እንደ ኑግ ያለ የቅባት እህል ተወቅጦ እየተቀባ በእጅና በእግር እስኪለዝብ ይታሻል። ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ጠጉሩን ማትረፍ ስለሚያስፈልግ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቆዳው ከመታሸቱ በፊት ትንሽ ከሸተተ ጠጉሩ ይረግፋል። (ጠጉሩን ፈጽሞ ማንሣት ሲፈለግማ ያው ቆዳ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ተለስልሶ የጣና ገዳማት መጻሕፍት የተጻፉበት ብራና ይሆናል። ደበሎና ብራና የአንድ እናት ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።) በባላገር ዘዴ የለፋ ቆዳ በዳሩ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቡና መልክ ያደላ ነው። በፋብሪካ በክሮም የለፋ ቆዳ ግን በቁርጡ ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ መልክ ይታይበታል። በክሮም ማልፋት ለንግድ የበቃው አውግስጦስ ሹልትዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘበት በኋላ ነው። መቅደላ የወደቀው ደግሞ በ1860 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ስለዚህ ዳሩ ሰማያዊ የሆነ ለምድ «የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደር ለብሶታል» ቢባል ሒሳቡ ራሱ እምቢ ይላል።

ክሩም እንደዚሁ ነው። የቀድሞ ሰፊዎች በወስፌ እየበሱ በጅማት፣ በጠፍር ወይም በቤት በተፈተለ የጥጥ ክር ይሰፉ ነበር፤ የእጅ ስፌት ርቀቱ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ይላል። የመኪና ስፌት ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የናይሎን ክር በዓለም ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሲቃጠል እንደ ሰው ሠራሹ ጠጉር ይቀልጣል። ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። አሮጌ ለምድ የተቀደደበትን ቦታ ባለቤቱ በቅርብ ጊዜ በናይሎን ጠግኖት ሊሆን ይችላል። አንድ አዲስ ክር ሙሉውን ለምድ አዲስ አያደርገውም፤ አዲስ ክር በዋናው ስፌት ላይ ከዳር እስከ ዳር ከተገኘ ግን ያ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ መሰጠት የሚገባው የእርጅናውን ምልክት ለመመርመር ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚሁ ነው። አሮጌ ለማስመሰል የሚጥር ሰው ቆዳውን ያጨሰዋል፣ በቡና ወይም በሻይ ያቀልመዋል፣ ቅቤ ይቀባዋል፣ አፈር ላይ ያሸዋል። ገዢው ካሸተተው የጎጆ ጭስ ይሸታል፤ «እውነትም የአገር ቤት ዕቃ ነው» ይላል። ጭስ ግን ከሁሉ ምልክት የረከሰው ነው፤ አንድ ሌሊት በኩሽና መስቀል ይበቃዋል። እውነተኛ እርጅና የሚታወቀው በቦታው ነው። ደበሎ የለበሰ ሰው በአንገቱ ላብ ስለሚወርድ ቆዳው በአንገት ዙሪያ ይጠቁራል፣ ይደርቃልም። በትሩን በትከሻው ላይ ስለሚያኖር የዚያ ትከሻ ጠጉር ይመለጣል። አኩፋዳው የሚንጠለጠልበት ጎን ይታሻል። ሌሊት ስለሚተኛበትም በመካከሉ ሱፉ ይጋገራል። ፊት ለፊት የሚቋጠርበት ቦታ በመፍታትና በማሰር ብዛት ይላላል፤ አንዳንዴም ተበጥሶ በሌላ ጠፍር ይተካል። እንግዲህ እርጅናው የአንድን ሰው አካልና ሥራ መምሰል አለበት። አስመሳዩ ግን በሁሉ ቦታ እኩል ያረጃል፤ ከብብቱ ሥር፣ ፀሐይና እጅ በማይደርስበት ቦታ እንኳ፣ እንደ ትከሻው ጠቁሮ ይገኛል። ብልም ቢሆን እንደዚህ ነው። ብል በተጣጠፈበትና ጨለማ በሆነበት ቦታ ጠጉሩን ያለ ሥርዓት ይበላል እንጂ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ክብ ቀዳዳ አያበጅም።

ስለ ለምድ ቅርጽና መልክ ደግሞ ጥቂት ልጨምር፤ ይህ ክፍል በተለይ የቴአትርና የባህል ክበብ ጓደኞቼን ይመለከታል። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዐድዋ ድል ሲከበር በየከተማው የአርበኛ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይታያሉ። ጥር 23 ቀንም በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። በበዓል ላይ ቅጅ መልበስ ማንንም አይጎዳም፤ ማንም ጎፈሩን ከእውነተኛ አንበሳ ነው ብሎ አይከራከርም። ሆኖም ቅጁ ጥሩ ቅጅ ቢሆን ምን ይከለክላል? ከሰው ሠራሽ ጠጉር የሚሠራው ጎፈር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ገለባ ቢጫ ነው። የኢትዮጵያ አንበሳ ግን በጥቁር ጎፈሩ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ይጠበቁ የነበሩት አንበሶች ጥቁር ጎፈራቸው እስከ ደረትና እስከ ሆድ የሚወርድ ነበር፤ በዘራቸውም ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አስረድቷል። ስለዚህ ቢጫውን ጨርቅ ጫፉን በጥቁር ቀለም ቢነክሩት እንኳ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ለምዱንም ሲቆርጡ ታቹን እንደ መጋረጃ ቀጥ አድርገው መተው አይገባም፤ ምላሶቹ ከሌሉበት ካባ እንጂ ለምድ አይባልም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ክበቦች ለመድረክ የሚሆን ልብስ ሲያጡ ከዘመድ ቤት እውነተኛውን ለምድ ይዋሳሉ። በመብራት ሙቀትና በተዋናዩ ላብ ውስጥ ሁለት ሰዓት የቆየ፣ በደረቀ ቆዳው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ለምድ እንደ ሄደ አይመለስም። ለመድረክ ቅጁ ይሻላል። እውነተኛው አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ አይሰፋውም። አንበሳና ነብር ዛሬ በሕግ የሚጠበቁ አራዊት ስለ ሆኑም የጠፋውን ለምድ በሌላ መተካት አይቻልም።

ቆዳው፣ ጠጉሩ፣ ክሩና እርጅናው ተመርምረው ካለቁ በኋላ የሚቀረው ታሪኩ ነው። ሊቃውንት ለአንድ ዕቃ ትልቅ ዋጋ የሚሰጡት የመጣበት መንገድ ሳይቋረጥ ሲታወቅ ነው። በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ከጥጥ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ከመቅደላ የተወሰደ መሆኑ ስለሚታወቅ ከሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በፊት እንደ ተሠራ ማንም አይጠራጠርም። (እዚያ መሆኑ የሚያስቆጭ ነው፤ እርሱ ግን ለሌላ ጽሑፍ ይቆይ።) ለአንድ የመንደር ለምድም እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል። የማን ነበር? ለልጁ መቼ አለፈ? በየትኛው በዓል ተለበሰ? ለባሹን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ? ሻጩ «ከአንድ ሽማግሌ ገዛሁት» ብቻ ብሎ ሽማግሌው ማን እንደሆኑና በየትኛው ወረዳ እንዳሉ ካልተናገረ፣ ወይ ዕቃው ታሪክ የለውም፣ ወይም ሽማግሌው ተታለዋል። ሁለቱም ለገዢው ጥሩ ወሬ አይደለም። ከዚህም ጋር ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ጥንታዊ ነው» ብሎ ለእንግዳ የሚሸጥ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ገዢውን በሕግ ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር አሸክሞታል።

ምናልባት አንባቢው «ታዲያ አዲስ ደበሎ የሚሠራው ሰው ምን ይብላ?» ይል ይሆናል። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሐሰቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህንኑ ሰው ነው። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው ለብዙ ዘመን «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ቆይቷል። አሁን ደግሞ የእጁን ሥራ የሚሸጠው ሰው «የድሮ ነው» ሲል ሠሪው ከነአካቴው ይሰረዛል፤ ሥራው ይመሰገናል፣ እርሱ ግን እንዳልተወለደ ይሆናል። አንድ ደበሎ ለማልፋት ስንት ቀን እንደሚታሽ ለእንግዳው ቢነገረውና በቆዳው ጀርባ ላይ የሠሪው ስም፣ አገሩና ዓመተ ምሕረቱ ቢጻፍ፣ እንግዳው የሚገዛው ያነሰ ነገር አይሆንም። ለኧርቪን ጃኬት ቅጅ ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቅጅ መሆኑን አውቆ ነው የሚከፍለው።

በየቤታችን እውነተኛ ደበሎ ወይም ለምድ ያለን ደግሞ አያያዙን ብናውቅ መልካም ነው። በባላገር ዘዴ የለፋ ቆዳ ሙቅ ውኃ ከነካው ይኮማተራል፤ ስለዚህ በሙቅ ውኃና በሳሙና አይታጠብም። አቧራውን በቀስታ ማራገፍ ይበቃል። አጣጥፎ በሣጥን ውስጥ ማኖር በእጥፋቱ ላይ ይሰነጥቀዋል፣ ለብልም ይመቻል፤ ሰፋ ባለ እንጨት ላይ በጥላ መስቀል ይሻላል። የጣና ዳር አየር በክረምት እርጥብ ስለ ሆነ ዝናቡ እንዳለፈ አውጥቶ ነፋስ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣም። በአንድ ወረቀትም የባለቤቱን ስም፣ የመጣበትን አገርና የሚታወቀውን ዓመት ጽፎ ከለምዱ ጋር ማኖር ነው፤ ወረቀቱም በክር ይታሰር እንጂ በቆዳው ላይ በሙጫ አይለጠፍ።